ድካም የማያውቅ ወርዋሪ፦ ያልተለመዱ የውርወራ ስልቶች በሲሙሌሽን ቤዝቦል ሊጎች

በሲሙሌሽን ቤዝቦል ሊጎች ውስጥ ከሚነሱ ክርክሮች ሁሉ የወርዋሪ አጠቃቀምን ያህል ወዳጅን ከወዳጅ የሚያቃቅር የለም። ነገሩ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይጀምራል። አንድ የቡድን ባለቤት ስመ ጥር ቋሚ ወርዋሪዎችን መሻማቱን ይተውና በድራፍቱ፣ ማለትም ባለቤቶቹ ተጫዋቾችን ተራ በተራ በሚመርጡበት ጊዜ፣ ማንም ያልጓጓላቸውን፣ ግን በአጭር ጊዜ ውርወራ እጅግ የተዋጣላቸውን ተቀያሪ ወርዋሪዎች ይለቅማል። ከዚያ በየጨዋታው ሦስቱን አከታትሎ ያስገባል፤ እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ኢኒንግ ይወረውራሉ። ቡድኑ ያሸንፋል። ሌሎቹ ባለቤቶች «ይህ ቤዝቦል አይደለም» ይላሉ፤ እሱ ደግሞ «የትኛውን ደንብ ጣስሁ?» ብሎ ይሞግታል። ኮሚሽነሩ የሊጉን ደንብ ሲያገላብጥ የተጣሰ አንቀጽ አያገኝም።

ከጨዋታው ጋር ብዙ ላልተዋወቀ አንባቢ ጥቂት መነሻ ያስፈልጋል። አንድ የቤዝቦል ጨዋታ ዘጠኝ ኢኒንግ አለው። በየኢኒንጉ እያንዳንዱ ቡድን ሦስት ሰው አውት እስኪሆንበት ድረስ ይመታል፤ የተጋጣሚው ወርዋሪ ኳሷን ይወረውራል፣ መቺው በዱላ ለመምታት ይሞክራል። ቋሚ ወርዋሪ ጨዋታውን ጀምሮ የቻለውን ያህል ይሄድና አራት ወይም አምስት ቀን ያርፋል፤ ተቀያሪው አንድ ሁለት ኢኒንግ ሊሸፍን ይገባል። አንዴ የወጣ ወርዋሪ በዚያ ጨዋታ አይመለስም። በዋናው የአሜሪካ ሊግ አንድ ቡድን በመደበኛው የውድድር ዘመን 162 ጨዋታ ያደርጋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ካርድና ዳይስ

የጨዋታው ዕድሜ ከኮምፒውተር ይበልጣል። ክሊፎርድ ቫን ቢክ በ1930 «ናሽናል ፓስታይም» የተሰኘ የካርድና የዳይስ ጨዋታ አወጣ። ዲክ ሳይትስ ከዚያ ሐሳብ ተነሥቶ በ1951 በላንካስተር፣ ፔንሲልቬኒያ «አፕባ»ን ለገበያ አቀረበ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1961፣ የኒውዮርኩ ሃል ሪችማን «ስትራት-ኦ-ማቲክ»ን ይዞ ብቅ አለ። በዚያው ሰሞን ጆን በርጅሰን የተባለ ባለሙያ ቤዝቦልን በአይቢኤም 1620 ኮምፒውተር ላይ ለማስኬድ ሞክሯል። ከዚያ ወዲህ የቶም ቲፔት «ዳይመንድ ማይንድ» መጣ፤ በ1999 ደግሞ ጀርመናዊው ማርኩስ ሃይንዞን «አውት ኦፍ ዘ ፓርክ»ን አወጣ።

የስትራት-ኦ-ማቲክ አሠራር ክርክሩን ለመረዳት ስለሚጠቅም ቀረብ ብሎ ማየት ይበጃል። ሦስት ዳይስ ይጣላሉ። አንደኛው ከ1 እስከ 3 ካረፈ ውጤቱ ከመቺው ካርድ ይነበባል፤ ከ4 እስከ 6 ካረፈ ከወርዋሪው ካርድ። የቀሩት የሁለቱ ድምር የትኛው መስመር እንደሚነበብ ይነግራል። ስለዚህ ከሚጣለው ዳይስ ግማሹ በወርዋሪው ካርድ ላይ ያርፋል ማለት ነው። ካርዱ የሚዘጋጀው ተጫዋቹ በአንድ የውድድር ዘመን በእርግጥ ካስመዘገበው ውጤት ነው። ወርዋሪው ሳይደክም ስንት ኢኒንግ እንደሚዘልቅም ቁጥር ተጽፎለታል።

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲን የሚያውቅ አንባቢ ሁለቱን እንዳያምታታ ያስፈልጋል። ፋንታሲ ተጫዋቹ በዚህ ሳምንት ሜዳ ላይ የሠራውን ይቆጥራል። ሲሙሌሽን ግን ባለፈ ሥራው ላይ ተመሥርቶ በሌላ ቡድን፣ በሌላ ሰው አሰልጣኝነት ቢጫወት ምን ሊያደርግ ይችል እንደነበር በዕድል ያሰላል። በፋንታሲ አርሰናል ካላሰለፈው ተጫዋች ማንም ነጥብ ሊያገኝ አይችልም። በሲሙሌሽን ግን ይቻላል፤ የፍትሕ ጥያቄውም የሚፈልቀው ከዚህ ነው።

ሊጎቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። አንደኛው ዓይነት አንድን ያለፈ ዘመን እንደነበረው መልሶ ለመጫወት የሚቋቋም ነው፤ ቡድኖቹ የነበሩት፣ ተጫዋቾቹም የነበሩበት ናቸው። ሁለተኛው ዓይነት ሁሉም ከአንድ የጋራ ስብስብ በድራፍት ወይም በደመወዝ ጣሪያ እየመረጠ አዲስ ቡድን የሚሠራበት ፉክክር ነው። አንድ ስልት በመጀመሪያው ውስጥ ታሪክን ማበላሸት ሊሆን ይችላል፤ በሁለተኛው ውስጥ ግን ብልሃት ነው። ብዙ ንትርክ የሚከርረው ተከራካሪዎቹ በየትኛው ሊግ ውስጥ እንዳሉ ሳይስማሙ ስለሚጀምሩ ነው።

እውነተኛው ሜዳ የሞከራቸው

«ማንም አሰልጣኝ እንዲህ አድርጎ አያውቅም» የሚለው ክስ በአብዛኛው ከታሪክ ጋር ይጋጫል። በ1924 የዓለም ሻምፒዮና ሰባተኛ ጨዋታ የዋሽንግተኑ አሰልጣኝ ባኪ ሃሪስ ከርሊ ኦግደንን በቋሚነት አሰለፈ። ኦግደን በቀኝ እጁ የሚወረውር ነበርና የኒውዮርክ ጃየንትሱ ጆን ማግሮው ግራኙን መቺ ቢል ቴሪን አሰለፈ። ኦግደን ሁለት መቺዎችን ብቻ ገጥሞ ወጣ፤ ግራኙ ጆርጅ ሞግሪጅ ገባ። ማግሮው በመጨረሻ ቴሪን ቀየረው። ዋሽንግተን በ12ኛው ኢኒንግ 4 ለ 3 አሸነፈች።

አሰልጣኝ ቶኒ ላ ሩሳ በ1993 በኦክላንድ ዘጠኝ ወርዋሪዎችን ሦስት ሦስት አድርጎ በቡድን ከፈላቸውና እያንዳንዱ ወደ 50 ኳስ ብቻ እንዲወረውር ደለደለ። ሙከራው ሳምንት ያህል እንኳ በቅጡ አልዘለቀም። ኮሎራዶ በ2012 አራት ቋሚ ወርዋሪዎችን ይዞ ለእያንዳንዳቸው በጨዋታ የ75 ኳስ ገደብ አበጀ፤ ዘመኑን በ98 ሽንፈት ጨረሰ።

ነገሩን የቀየረው ታምፓ ቤይ ነው። በግንቦት 19 ቀን 2018 ሰርጂዮ ሮሞ፣ ዕድሜውን በሙሉ በተቀያሪነት የኖረ ወርዋሪ፣ በሎስ አንጀለስ ኤንጅልስ ላይ ጨዋታውን ከፈተ። የገጠማቸውን ሦስቱንም መቺዎች በስትራይክ፣ ማለትም ኳሷን ሳያስመታ፣ አሰናብቶ ወጣ፤ ከእሱ ቀጥሎ ራያን ያርብሮ ስድስት ኢኒንግ ከዚያም በላይ ሄደ። በማግስቱ ሮሞ እንደገና ከፈተ። ከተጋጣሚዎቹ አንዱ ዛክ ኮዛርት ነገሩ ለቤዝቦል እንደማይበጅ በግልጽ ተናግሯል፤ በሲሙሌሽን ሊጎች የሚሰማው ቅሬታም ያው ነው። ታምፓ ቤይ በዚያ ዓመት 90 ጨዋታ አሸነፈ። በዚያው ዓመት የሚልዋኪው አሰልጣኝ ክሬግ ካውንስል በናሽናል ሊግ የፍጻሜ ግጥሚያ ወርዋሪውን ዌድ ማይሊን አንድ መቺ ብቻ አስገጥሞ አስወጣው፤ በሚቀጥለው ጨዋታ እንደገና አሰለፈው።

ዋናው የአሜሪካ ሊግ ለዚህ ሁሉ የሰጠው መልስ ልብ ሊባል ይገባል። እንደ ሮሞ ለአጭር ጊዜ ጨዋታ የሚጀምረውን «ከፋች ወርዋሪ» አልከለከለም። በ2020 ግን አንድ ወርዋሪ ቢያንስ ሦስት መቺ እንዲገጥም ወይም ኢኒንጉን እንዲጨርስ ግዴታ ጣለ፤ ጉዳት ካልደረሰበት በቀር የኦግደንም የማይሊም ዘዴ በዚህ ተዘጋ። በ2022 ከ26ቱ ተጫዋቾች 13 ብቻ ወርዋሪ እንዲሆኑ ወሰነ። በ2023 ደግሞ ወርዋሪ ያልሆነ ተጫዋች መቼ መወርወር እንደሚችል አጠበበ። ደንብ አውጪዎቹ የስልቱን ቅርጽ አልነኩም፤ የነኩት ስልቱን የሚያረክሱትን ነገሮች፣ የሰው ብዛትንና የቅያሪ ፍጥነትን ነው።

ካርዱ የሚያውቀውና የማያውቀው

የማስረጃው እምብርት ይህ ነው። ተቀያሪ ወርዋሪው ዴኒስ ኤከርስሊ በ1990 በኦክላንድ 73⅓ ኢኒንግ ወርውሮ በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ የተቆጠረበት 0.61 ነጥብ ብቻ ነበር፤ በዘመኑ ሁሉ በነፃ ወደ ቤዝ ያሳለፈው አራት መቺ ነው። ካርዱ ከዚህ ይሠራል፤ ቢሠራም ተገቢ ነው። ነገር ግን ያ ውጤት የተገኘው በአንድ ሁኔታ ውስጥ ነው፦ ኤከርስሊ በአብዛኛው በመጨረሻው ኢኒንግ ይገባል፣ ጉልበቱን ሳይቆጥብ ይወረውራል፣ በአንድ ጨዋታ ያንኑ መቺ ሁለት ጊዜ የሚገጥመው ከስንት አንዴ ነው። ካርዱ ውጤቱን ይዞ ሁኔታውን ጥሎ ይመጣል።

አሁን መግቢያው ላይ ወዳነሣነው ቡድን እንመለስና እናስላ። ዘጠኝ ወርዋሪ በሦስት ቡድን ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ቡድን በሦስት ጨዋታ አንዴ ተራ ሲደርሰው፣ አንድ ሰው በዘመኑ 54 ጨዋታ ይገባል። በየጨዋታው ሦስት ኢኒንግ ቢወረውር ድምሩ 162 ኢኒንግ ይሆናል። ይህ ኤከርስሊ በእውነት ከወረወረው እጥፍ በላይ ነው። ሲሙሌሽኑ ሁለተኛዎቹን 81 ኢኒንጎች እንደ መጀመሪያዎቹ ጥሩ አድርጎ ከቆጠራቸው ባለቤቱ ማንም ያልሠራውን ሥራ በነፃ አግኝቷል ማለት ነው። ላ ሩሳ ይህንኑ ድልድል በሕያዋን ሰዎች ላይ ሞክሮ ወዲያው ተወው፤ በካርድ ላይ ግን 162 ጨዋታ ሙሉ ይሠራል።

ተቃራኒው ማስረጃም ቀላል አይደለም። ማይክ ማርሻል በ1974 ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ በ106 ጨዋታ፣ ሁሉንም በተቀያሪነት ገብቶ 208⅓ ኢኒንግ ወረወረና የዓመቱን ምርጥ ወርዋሪ የሳይ ያንግ ሽልማት ወሰደ። የማርሻልን ካርድ ይዞ በየሁለት ቀኑ የሚያስገባ ባለቤት ማንንም አላጭበረበረም፤ ዋጋውን ማርሻል ራሱ በ1974 ከፍሎታል። እንዲሁም ቻርልስ ራድቦርን በ1884 ለፕሮቪደንስ 678⅔ ኢኒንግ ወርውሯል። ግን ያኔ ወርዋሪ የሚቆምበት ርቀት ከዛሬው አጭር ነበር፤ 60 ጫማ ከ6 ኢንች የሆነው በ1893 ነው። የራድቦርንን ካርድ ከዘመናችን መቺዎች ጋር በአንድ ስብስብ ያስገባ ሊግ ችግሩን ያመጣው ራሱ ነው እንጂ ካርዱን የመረጠው ባለቤት አይደለም።

ሌላው የማስረጃ መስመር መቺዎች አንድን ወርዋሪ በአንድ ጨዋታ ደጋግመው ሲገጥሙት ምን ይሆናል የሚለው ነው። ቶም ታንጎ፣ ሚቼል ሊክትማንና አንድሩ ዶልፊን በጋራ በጻፉት «ዘ ቡክ» መቺዎች በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙር እየተሻላቸው እንደሚሄድ አሳይተዋል። የከፋች ወርዋሪ አመክንዮ በዚህ ላይ ይቆማል፦ የተጋጣሚን ምርጥ መቺዎች መጀመሪያ ሌላ ሰው ይግጠማቸው፤ ዋናው ወርዋሪ ሲገባ ከደካሞቹ ይጀምር። ራያን ብሪል፣ ሳሚር ዴሽፓንዴና አብርሃም ዋይነር በ2023 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ወርዋሪው በጨዋታው ውስጥ ቀስ በቀስ እየደከመ መሄዱን እንጂ በዙሮቹ መካከል ጉልህ ስብራት መኖሩን መረጃው አጥብቆ እንደማይደግፍ ተከራክሯል።

ይህ የባለሙያዎች ልዩነት ለሲሙሌሽን ትልቅ ትርጉም አለው። ስለ ዙር ምንም የማያውቅ ካርድ ከፋች ወርዋሪ በእውነት የሚያስገኘውን ጥቅም አይሰጥም። ከጨዋታ ወደ ጨዋታ የሚጠራቀመውን ድካም የማያውቅ ካርድ ደግሞ በእውነት የሌለ ጥቅም ይሰጣል። ሁለቱንም የማያውቅ ሞዴል በሁለት አቅጣጫ ይሳሳታል ማለት ነው፦ እውነተኛውን ብልሃት ያመክናል፣ ሐሰተኛውን ይሸልማል። በእኔ ግምት የክርክሩን ግማሽ የሚያጠራው ይህን ማስተዋል ነው፤ ሆኖም ከሳሾችም ተከሳሾችም ብዙም አያነሡትም።

አቋሞቹ

የመጀመሪያው ወገን ደንቡ ያልከለከለው ሁሉ የተፈቀደ ነው ይላል። በፉክክር ጨዋታዎች ላይ የጻፈው ዴቪድ ሰርሊን ይህን አቋም አጥብቆ ይዟል፤ በእሱ ዕይታ በአእምሮው ውስጥ ያልተጻፈ ደንብ ፈጥሮ ሌላውን በዚያ የሚከስ ተጫዋች በራሱ ላይ ገደብ ጥሏል እንጂ ፍትሕ አልጠየቀም። ይህ ወገን ጠንካራ መከራከሪያ አለው። ድራፍቱ ለሁሉም ክፍት ነበር፤ ተቀያሪ ወርዋሪዎችን ማንም መምረጥ ይችል ነበር። ስልቱ ካሸነፈ በሚቀጥለው ዓመት ዋጋቸው ይንራል፤ ሚዛኑም በራሱ ይመለሳል። ድክመቱ ግን ሚዛኑ የሚመለስበት መልክ ነው። ሁሉም ቡድን አንድ ዓይነት ሲሆን፣ ባለ 250 ኢኒንጉ ታላቅ ቋሚ ወርዋሪ የማይፈለግ ካርድ ሲሆን፣ ሊጉ እኩል ነው፤ ግን ሰዎቹ የተሰበሰቡበት ጨዋታ በቦታው የለም።

ሁለተኛው ወገን ከዚህ ይነሣል። ፈላስፋው በርናርድ ሱትስ በ1978 ባሳተመው «ዘ ግራስሆፐር» ጨዋታ ማለት አላስፈላጊ መሰናክልን በፈቃድ መቀበል እንደሆነ ጽፏል፤ ተጫዋቹ ደንቡን የሚቀበለው ጨዋታው እንዲኖር ሲል ነው። ሲሙሌሽን ቤዝቦልን የሚጫወት ሰው ዳይስ ለመጣል ብቻ አልመጣም፤ ቤዝቦልን ለመኖር መጥቷል። ስለዚህ ቤዝቦልን የሚያፈርስ ድል ለእሱ ድል አይደለም። ይህ ስሜት እውነተኛ ነው፤ በተለይ ያለፈ ዘመን መልሶ በሚጫወቱ ሊጎች ዋናው ነገር ይኸው ነው።

ችግሩ «ቤዝቦል» ሲባል የትኛው ነው የሚለው ነው። በጥቅምት 2016 መግቢያ ላይ ባልቲሞር ከቶሮንቶ ጋር አንድ ወሳኝ ጨዋታ ነበረው። የባልቲሞሩ ተቀያሪ ወርዋሪ ዛክ ብሪተን በዚያ ዓመት 67 ኢኒንግ ወርውሮ የተቆጠረበት አማካይ 0.54 ብቻ ነበር። አሰልጣኙ ባክ ሾዋልተር ግን ብሪተንን ለመዝጊያው አስቀምጦ ሳያስገባው ቀረ፤ በ11ኛው ኢኒንግ ኤድዊን ኤንካርናሲዮን ከኡባልዶ ሂሜኔዝ ላይ ሆም ረን መታና የባልቲሞር ዓመት አበቃ። ብሪተንን በስምንተኛው ወይም በዘጠነኛው የሚያስገባ የሲሙሌሽን ባለቤት ከልማድ ወጥቷል፤ ግን ማን ነው ፍትሕ አጓደለ የሚለው? በተቃራኒው የታምፓ ቤዩ አሰልጣኝ ኬቨን ካሽ በ2020 የዓለም ሻምፒዮና ስድስተኛ ጨዋታ ወርዋሪውን ብሌክ ስኔልን በ73 ኳስ፣ ሁለት ምት ብቻ ሰጥቶ ዘጠኝ መቺ በስትራይክ ካሰናበተ በኋላ አስወጣው። ተከትሎ ዶጀርስ አገግመው 3 ለ 1 አሸነፉ። ካሽ ስሌቱን ተከተለ፣ ሾዋልተር ልማዱን፤ ሁለቱም እውነተኛ ቤዝቦል ነው።

ሦስተኛውን አቋም እኔም እጋራዋለሁ። ጥያቄው መሆን ያለበት «ይህ የተለመደ ነው?» ሳይሆን «እውነተኞቹ አሰልጣኞች ይህን ያላደረጉት ለምንድን ነው?» የሚል ነው። መልሱ ልማድ ከሆነ ስልቱ ፍትሐዊ ነው፤ ሲሙሌሽን ከሚያስደስትባቸው ነገሮች አንዱም ልማድን መፈተሽ መቻሉ ነው። መልሱ የወርዋሪው ክንድ አይችልም ከሆነ ሞዴሉ ያንን ዋጋ ማስከፈል አለበት፤ የማያስከፍል ከሆነ ሊጉ በደንብ ሊያስከፍል ይገባል። መልሱ ደንብ ይከለክል ነበር ከሆነ ሊጉ የየትኛውን ዓመት ደንብ እንደሚከተል አስቀድሞ ይወስን፤ የኦግደን ዘዴ በ1924 ካርድ የተፈቀደ፣ በ2020 ካርድ የተከለከለ ነው። አራተኛ መልስም አለ፤ ወርዋሪዎቹ ራሳቸው እሺ አይሉም ነበር የሚል። ደመወዝም ክብርም ቋሚ ሆኖ በመጀመርና ድል በማስመዝገብ ሲለካ ኖሯል፤ ካርድ ግን አያኮርፍም። ይህን የሰው ባሕርይ ሊጉ ዋጋ ሊሰጠው ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ሦስተኛው አቋም አይመልስም።

ተጋጣሚው በሌለበት

አንድ ነገር ግን ከዚህ የዋጋ ስሌት ውጭ ይቀራል። ብዙ ሊጎች ሁለቱ ባለቤቶች በአንድ ሰዓት ተገናኝተው አይጫወቱም። እንግዳው ቡድን መመሪያ ጽፎ ይልካል፦ ግራኝ ወርዋሪ ከመጣብኝ ይህን አሰላለፍ፣ ቀኝ ከመጣብኝ ያንን። ጨዋታውን የሚያካሂደው ባለሜዳው ወይም ኮምፒውተሩ ነው። እዚህ ላይ የኦግደን ዘዴ መልኩን ይቀይራል። ባለሜዳው ግራኝ ይከፍትና ከአንድ ኢኒንግ በኋላ በቀኝ ይተካዋል፤ የእንግዳው ቡድን ግን በግራኝ ላይ የተዘጋጀውን አሰላለፍ ይዞ ቀሪውን ጨዋታ ሁሉ ይሄዳል።

ማግሮው በ1924 ሜዳው ዳር ነበር፤ ያየውን አይቶ ቴሪን መቀየር ይችል ነበር፣ ቀየረውም። በሩቅ ያለ ባለቤት ይህ ዕድል የለውም። ስልቱ አንድ ሆኖ ሳለ በአንዱ የማስተዋል ፍልሚያ ነው፣ በሌላው መልስ ሊሰጥ የማይችልን ሰው መምታት ነው። በዚህ ጉዳይ ከሁለተኛው ወገን ጋር እቆማለሁ፤ መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው። የሚላከው መመሪያ ወርዋሪ ሲቀየር ምን እንደሚደረግ እንዲያካትት መፍቀድ፣ ወይም ከፋች ወርዋሪ ለመጠቀም የሚያስብ ቡድን ተከታዩን ወርዋሪ አስቀድሞ እንዲያሳውቅ ማድረግ ይበቃል።

የተሞከሩ ደንቦች

በሰፊው የሚሠራበት ገደብ አንድ ወርዋሪ በእውነት ከወረወረው ኢኒንግ በላይ፣ ወይም ከዚያ ጥቂት በመቶ ጨምሮ፣ እንዳይወረውር የሚከለክለው ነው። ኃይሉን ቁጥር ያሳያል። አንድ ቡድን በዘመኑ ወደ 1,450 ኢኒንግ ያስፈልገዋል። 13 ወርዋሪ እያንዳንዱ 75 ኢኒንግ ቢኖረው ድምሩ 975 ነው፤ ቀሪውን የግድ ቋሚ ወርዋሪ ይሸፍነዋል። በተቀያሪ ብቻ የተሠራው ቡድን ያለ ሌላ ክልከላ በዚሁ ይፈርሳል። ድክመቱ ገደቡ የዓመት ድምር መሆኑ ነው። ባለቤቱ ኮከቡን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አሟጦ ሊሸጠው ይችላል፤ ወይም ለብርቱ ተፎካካሪዎች ብቻ አስቀምጦ ያመጣዋል።

ጥቂት ኢኒንግ የወረወረን ሰው ከድራፍቱ ማስቀረትም ምክንያታዊ ነው። በ15 ወይም በ20 ኢኒንግ የተገኘ ድንቅ አማካይ ከችሎታ ይልቅ ዕድል ሊሆን ይችላል፤ ካርዱ ግን ዕድሉን እንደ ችሎታ አትሞ ይይዘዋል።

«ቋሚ ወርዋሪ አምስት ኢኒንግ ሳይሞላ አይወጣም» የሚለው ደንብ ግን መጥፎ ነው። በመጀመሪያው ኢኒንግ ስድስት ነጥብ የተቆጠረበትን ወርዋሪ ቁጭ ብሎ እንዲያይ አሰልጣኙን ያስገድደዋል፤ እንዲህ ያለ ግዴታ ደግሞ በዘመናዊው ቤዝቦል ውስጥ አልነበረም። ደንቡ የታሰበበትን ተንኮል እንኳ አይዘጋም፤ ተንኮሉ በስድስተኛው ኢኒንግ ይቀጥላል።

ከሁሉ የሚሻለው ከቀን ወደ ቀን የሚጠራቀም ድካም ነው። ዳይመንድ ማይንድን የመሰሉ የኮምፒውተር ጨዋታዎች የተወረወረውን ኳስና የዕረፍት ቀኑን ይቆጥራሉ። በካርድ ጨዋታ ግን በአብዛኛው የአንዱ ጨዋታ ድካም ከካርዱ ይነበባል፤ ትናንትን ማስታወስ የሊጉ መዝገብ ያዥ ሥራ ነው። ይህም ቢሆን ከችግር አያመልጥም። በየሦስተኛው ቀን ሦስት ኢኒንግ የሚወረውር ተቀያሪ በዓመቱ መጨረሻ ምን ያህል ይበላሻል? ሞዴሉ ቁጥር ማስገባት አለበት፤ እንዲህ የኖሩ ሰዎች ግን እጅግ ጥቂት ናቸው። የኖሩትም እንደ ማርሻል ከሌላው የተለዩ ስለነበሩ የተፈቀደላቸው ናቸው፤ ከእነሱ ተነሥቶ ስለ ተራው ወርዋሪ መናገር አይቻልም። ስለዚህ የድካም ሕግ ሁሉ መረጃ በሌለበት ቦታ የተሰመረ መስመር ነው፤ ጠንከር ብሎ ቢሰመር ልማድን ይጠብቃል፣ ላላ ቢል ለተንኮል በር ይከፍታል።

ገና ያልተቋጩ

ዓመቱ ከተጀመረ በኋላ ቀዳዳ ሲገኝ ምን ይደረግ? እውነተኛው ሊግ አንድ የቆየ ምሳሌ አለው። በነሐሴ 1951 የሴንት ሉዊስ ብራውንስ ባለቤት ቢል ቬክ ቁመቱ 3 ጫማ ከ7 ኢንች የነበረውን ኤዲ ጌደልን መቺ አድርጎ አስገባ፤ ወርዋሪው ስትራይክ መጣል አቅቶት በአራት ኳስ ወደ ቤዝ አሳለፈው። የአሜሪካን ሊግ ፕሬዚዳንት ዊል ሃሪጅ በማግስቱ ውሉን ሰረዘ። ጌደል ከዚያ ወዲያ አልገባም፤ ያቺ አንዲት ተራው ግን ዛሬም በመዝገብ ላይ አለች። ለወደፊቱ ዝጋ፣ ያለፈውን አትንካ የሚለው አካሄድ ለሲሙሌሽን ሊጎችም የሚስማማ ይመስለኛል። ሆኖም ቀዳዳውን ያገኘው ቡድን እየመራ ከሆነ ቀሪዎቹ ባለቤቶች ዓመቱን ሙሉ በታወቀ ጉድለት እንዲሸነፉ መጠየቅ ቀላል አይደለም። አንዳንድ ሊጎች ደንቡን ወዲያው ለውጠው የተጎዳው ባለቤት ተጫዋች እንዲለውጥ ተጨማሪ ዕድል ይሰጡታል፤ ይህ የሁለቱ መካከለኛ ነው።

የማጣሪያና የፍጻሜ ጨዋታዎችም አከራካሪ ናቸው። በእውነተኛው ውድድር በዚያ ወቅት ተቀያሪዎችን አብዝቶ መጠቀም የሚቻለው በጨዋታዎቹ መካከል የዕረፍት ቀናት ስላሉ ነው። ሲሙሌሽን ሊግ ሰባቱን ጨዋታ በአንድ ምሽት ሊጫወት ይችላል፤ የዕረፍት ቀናቱን በወረቀት ላይ ካልቆጠረ ለአንዱ ቡድን ያዳላል፣ ከቆጠረም ስንት ቀን የሚለውን አንድ ሰው መወሰን አለበት። የኢኒንግ ገደቡም ከመደበኛው ዘመን ጋር ስለሚያበቃ ብዙ ሊጎች በትልቁ ጨዋታቸው ላይ ያለ ጥበቃ ይቀራሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን አዲሶቹ ካርዶች ያመጡት ነው። ያርብሮ በ2018 በ38 ጨዋታ ገብቶ 147⅓ ኢኒንግ ወረወረና 16 ድል አስመዘገበ፤ ጨዋታ የጀመረው ግን ስድስት ጊዜ ብቻ ነው። ሮሞ በዚያው ዓመት አምስት ጨዋታ ጀመረ፤ በ25 ጨዋታ ደግሞ መጨረሻ ገብቶ ድሉን አስጠበቀ። በእውነት ስንት ጨዋታ እንደጀመረ እየቆጠረ ማን ቋሚ እንደሚሆን የሚወስን ሊግ ሮሞን ለአጭር ጊዜም ቢሆን ቋሚ ያደርገዋል፤ የቋሚን ሥራ ዓመቱን ሙሉ የሠራውን ያርብሮን ግን ተቀያሪ ብሎ ይመዘግበዋል፣ በሁለት ሦስት ኢኒንግም ይገድበዋል። እውነታን ለመጠበቅ የወጣ ደንብ በዚህ ካርድ ላይ እውነታውን ይከለክላል። በስትራት-ኦ-ማቲክም በሌሎቹም ጨዋታዎች የ2018ንና ከዚያ ወዲህ ያሉትን ዓመታት የሚጫወቱ ኮሚሽነሮች የጅማሬ ብዛትን ትተው አንድ ወርዋሪ በአንድ ጨዋታ በአማካይ ስንት መቺ እንደገጠመ ወደ መቁጠር እንዲሄዱ የሚያስገድዳቸው ይህ ነው፤ ያ መለኪያ ደግሞ ለ1974ቱ ማርሻልና ለ1990ው ኤከርስሊ ምን ያህል እንደሚፈቅድ ከዜሮ ተነሥቶ መሰላት ይኖርበታል።